የአኃዝ ድር፤ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ

በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ አካባቢ የሚገኘው የሜክሲኮ አደባባይ ስያሜውን ያገኘው ከአንድ የዲፕሎማሲ ውለታ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ብዙዎቹ መንግሥታት ወረራውን እንደ ተፈጸመ ነገር ቆጥረው ሲቀበሉት፣ ሜክሲኮ ግን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ድርጊቱን አውግዛ የወራሪውን ይዞታ አልቀበልም በማለት ጸናች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎበኙ፤ በሁለቱ ዋና ከተሞችም አንዱ የሌላውን አገር ስም የያዘ አደባባይ ቆመ። አንደኛው ለሁለተኛው የበላይ ሳይሆን፣ ውል አክባሪ በሆኑ እኩያሞች መካከል የተፈጸመ የስም ልውውጥ ነበር።

ዛሬ በዚሁ አደባባይ ላይ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቀላል ባቡር ያልፋል። በዙሪያው እጅግ ብዙ የቴክኒክና የሒሳብ ባለሙያ ያፈሩት የተግባረ ዕድና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ጥቂት ዝቅ ሲባል ደግሞ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀውና ከፍታው 99.9 ሜትር የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ይታያል። የከፍታው ልክ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ኅብረቱን ለመመሥረት በሲርት ከተማ ውሳኔ የተላለፈበትን ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1999ን እንዲያስታውስ ታስቦ የተለካ ነው።

መንገደኛው ሁሉ ሕንጻውን ያያል። የአህጉሪቱ አገሮች ሕዝባቸውን፣ እህላቸውን፣ ዋጋቸውንና ሞታቸውን በአንድ ዓይነት ዘዴ ቆጥረው እርስ በርስ እንዲተማመኑ ለማድረግ ከስልሳ ዓመት በላይ የተደከመበት ሥራ ግን ለዓይን አይታይም። ከ50 በላይ የሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በየመንግሥታቸው የሚተዳደሩ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ማንም ማንንም ሳያዝ እንዴት በአንድነት ሊሠሩ ቻሉ? ወጪውንስ ማን ቻለው? የተሰበሰበው አኃዝ የማን ንብረት ሆነ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በነዚህ ጥያቄዎች መሪነት ታሪኩን መመልከት ነው።

ጉባዔው ሲጀመር

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። ኮሚሽኑ ገና በአንድ እግሩ ሳይቆም፣ በሚቀጥለው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያው የአፍሪካ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባዔ በዚሁ ከተማ ተካሄደ። አርክቴክቱ አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ በመሆኑ፣ ጉባዔው ከአዳራሹ ይቀድማል ማለት ነው።

ጊዜውን ማስታወስ ተገቢ ነው። በዚያን ዓመት ነጻ የነበሩት የአፍሪካ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በተከታዩ ዓመት ብቻ 17 አገሮች ነጻነታቸውን ተቀዳጁ። አዲሶቹ መንግሥታት የተረከቡት መዝገብ በቅኝ ገዥዎች ፍላጎት የተዘጋጀ ነበር። ወደብ ላይ የተጫነው ቡናና ኮኮ፣ የተከፈለው የራስ ግብር በዝርዝር ተጽፎ ሳለ፣ በገጠር የሚኖረው ሕዝብ ስንት እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚያመርት የሚናገር ገጽ አልነበረም። እንግሊዝ የገዛቻቸው በአንድ ሥርዓት፣ ፈረንሳይ የገዛቻቸው በሌላ ሥርዓት ይመዘግቡ ስለ ነበረ፣ ጎረቤታሞች እንኳ መዝገባቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ማነጻጸር አይችሉም ነበር።

ጉባዔው የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። ሥራው ልምድ መለዋወጥ፣ የቃላትን ፍቺ ማስማማት፣ ለየመንግሥታቱም የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ነበር። ይህ እንደ ድክመት ሊቆጠር ይችላል፤ በእርግጥም ብዙ የውሳኔ ሐሳብ በወረቀት ላይ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ልዕልናቸውን ትናንት ያገኙ አገሮች በሌላ ትእዛዝ ለመቆጠር እንደማይፈቅዱ ግልጽ ነበር። ስለዚህ በምክር የተጀመረው ነገር በትእዛዝ ቢጀመር ኖሮ ጨርሶ ባልተጀመረ ነበር ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያም የራስዋን ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት በ1953 ዓ.ም. አቋቋመች። ጽሕፈት ቤቱ በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዙር ብሔራዊ የናሙና ጥናት ጀመረ። መላውን ሕዝብ ለመቁጠር አቅም ባልነበረበት ዘመን፣ ጥቂት ቦታዎችን በዘዴ መርጦ ስለ ሰፊው አገር መናገር የሚቻል መሆኑን ያሳየ ሥራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣን፣ ኤጀንሲ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት እየተባለ ስሙ ቢለዋወጥም፣ የሥራው ሐረግ አልተቋረጠም።

ባለሙያን ማፍራት

ማናቸውም የጋራ ሥራ በሰው እጅ የሚሠራ ነውና፣ የመጀመሪያው ችግር የባለሙያ እጦት ነበር። ለዚህም መፍትሔ ሆነው የተገኙት ከአንድ አገር በላይ የሚያገለግሉ ማሠልጠኛዎች ናቸው። በአቢጃንና በራባት ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፣ በዳሬሰላም ለምሥራቅ አፍሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በካምፓላ ማከረሬ ዩኒቨርሲቲ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች፣ በኋላም በጋና ሌጎንና በካሜሩን ያውንዴ ለሥነ ሕዝብ ጥናት የተቋቋሙት ተቋማት የአንድ ትውልድ የስታቲስቲክስ ኃላፊዎችን አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ኮሚሽኑ እነዚህን ተቋማት በአንድ የሥልጠና መርሐ ግብር ሥር ለማስተባበር ተነሣ።

የነዚህ ተቋማት ታሪክ አንድ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በአንድ አገር ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የብዙ አገር ልጆችን የሚያስተምር ተቋም ባለቤቱ ማን ነው? አስተናጋጁ አገር መሬቱንና ሕንጻውን ያቀርባል፤ ሌሎቹ ተማሪ ይልካሉ፤ የመምህራንን ደመወዝና የተማሪዎችን ድጎማ በብዛት የሚችለው የውጭ ለጋሽ ነው። የለጋሹ እጅ ሲያጥር አባል አገሮች መዋጮአቸውን በወቅቱ ካልከፈሉ፣ ተቋሙ ወይ ይዳከማል፣ ወይም ቀስ በቀስ የአስተናጋጁ አገር ንብረት እየሆነ ይሄዳል። የጋራ የሆነ ነገር የጋራ ወጪ ከሌለው የጋራ ሆኖ አይቆይም።

ሁለተኛው ችግር የቋንቋ ነበር። በሁለት ቋንቋ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሁለት የተለያየ የሥራ ልማድ ይዘው ወጡ። አንዱ ወገን ናሙና ሲያወጣ የሚከተለው መንገድ ለሌላው እንግዳ የሚሆንበት ጊዜ ነበረ። ለዚህም ነው በኋላ የተነሡት አህጉራዊ ዕቅዶች ሁሉ ማስማማት የሚለውን ቃል ከርእሳቸው የማይለዩት።

አንድ ዓይነት መለኪያ

ድልድይ ከሁለት ዳር ሲሠራ፣ ሁለቱ ወገኖች መሐል ላይ የሚገናኙት አስቀድመው በአንድ የከፍታ መነሻ ከተስማሙ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ወገን ሥራውን ያለ እንከን ቢያከናውንም መነሻው ከተለያየ ድልድዩ አይገጥምም። የስታቲስቲክስ ትብብርም እንዲሁ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዓለም አቀፉ የዋጋ ንጽጽር መርሐ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው ዙር የአፍሪካ ልማት ባንክ አስተባባሪነት 48 የአፍሪካ አገሮች ተካፋይ ሆነዋል። የየአገሩ ገንዘብ በባንክ ምንዛሪ ሲለካ እውነተኛውን የመግዛት አቅም ስለማያሳይ፣ ሥራው አንድ ዓይነት ዕቃ በየአገሩ ገበያ ስንት እንደሚሸጥ መመዝገብ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሩዝ ማለት ብቻ አይበቃም። ዓይነቱ፣ ጥራቱ፣ ክብደቱ፣ አስተሻሸጉ፣ የተሸጠበት ገበያ ሁሉ በዝርዝር ተገልጾ በየአገሩ ያለው ዋጋ ሰብሳቢ አንድ ዓይነት ነገር እንዲፈልግ መደረግ አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ተገቢ ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ዕቃው በየአገሩ የሚገኝና የሚነጻጸር መሆን ይኖርበታል፤ ሕዝቡ በእርግጥ የሚጠቀምበትም መሆን ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ወጪ ያለ ጤፍ አይታሰብም፤ ጤፍ ግን በዳካር ገበያ አይገኝም። ጤፍን ቢተዉት የኢትዮጵያ ኑሮ ተዛብቶ ይለካል፤ ቢያስገቡት ከሴኔጋል ጋር የሚነጻጸርበት ነገር የለም። መፍትሔው አገሮች በየአካባቢያቸው ተሰብስበው ዝርዝሩን በመደራደር፣ የጋራውንና የየራስን ዕቃ አመዛዝነው መወሰን ነው። የእንዲህ ያለው መረብ አስተዳደር ዋና ሥራም ይኸው ነው። ከማዕከል የሚወርድ ዝርዝር ንጽጽርን ያስገኛል፤ እውነትን ግን ያጎድላል። እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ ቢያደርግ ደግሞ እውነት ቢኖርም ንጽጽር አይኖርም።

የሕዝብ ቆጠራ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ገንዘብና በኮሚሽኑ አስተባባሪነት በተካሄደው የአፍሪካ የሕዝብ ቆጠራ መርሐ ግብር በርካታ አገሮች ሕዝባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ቆጠሩ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ያህል ሆኖ፣ ከቆጠራው በፊት ይነገር ከነበረው ግምት እጅግ በልጦ ተገኘ። በጦርነት ምክንያት ያልተደረሰባቸው ቦታዎች በግምት የተሞሉ ቢሆንም፣ አገሪቱ ስለ ራስዋ የነበራት እምነት በአንድ ቀን ተለወጠ። ዓለም አቀፉ የሥነ ሕዝብ ጉባዔ በሜክሲኮ ከተማ የተካሄደው በዚያው ክረምት፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1984 ነበር።

ሁለተኛው ቆጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. 53.5 ሚሊዮን ያህል፣ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስመዘገቡ። የመጀመሪያው አኃዝ ኤርትራን የሚጨምር፣ የኋለኞቹ የማይጨምሩ መሆናቸውን ያላስተዋለ አንባቢ የዕድገቱን መጠን አሳስቶ ያሰላል። አንድ አገር ከራስዋ የትናንት አኃዝ ጋር እንኳ ስትነጻጸር መነሻውን መመርመር ያስፈልጋል፤ 50 አገሮች ሲነጻጸሩ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከምክር ወደ ቻርተር

እ.ኤ.አ. በ1990 አፍሪካውያን ሚኒስትሮች ለአሥርቱ ዓመታት የሚያገለግል፣ በአዲስ አበባ ስም የተሰየመ የስታቲስቲክስ ልማት የድርጊት ዕቅድ አጸደቁ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር 18ኛው ቀን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የአፍሪካ የስታቲስቲክስ ቀን ሆኖ እንዲከበር ተወሰነ። ሆኖም ዕቅዱ ብዙ አልተራመደም። በኤኮኖሚ ማስተካከያ ዘመን በጀታቸው ከተቀነሰባቸው መሥሪያ ቤቶች መካከል የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ይገኙበታል። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ገደማም በራሱ በኮሚሽኑ ውስጥ ራሱን ችሎ የነበረው የስታቲስቲክስ ክፍል ከሌላ የመረጃ አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ ተደረገ። ጉዳቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ። አስተባባሪ የሌለው መረብ እያንዳንዱ ቋጠሮ ጤናማ ቢሆንም ይላላል። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ2006 የአፍሪካ የስታቲስቲክስ ማዕከልን በማቋቋም ሥራውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የየአገሩ የስታቲስቲክስ ኃላፊዎች የሚሰበሰቡበት የአፍሪካ የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የመጀመሪያ ጉባዔውን በአዲስ አበባ አደረገ።

ትልቁ እርምጃ የመጣው በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባዔ የአፍሪካን የስታቲስቲክስ ቻርተር አጸደቁ። ቻርተሩ ስድስት መርሆችን ይዟል፤ እነዚህም የሙያ ነጻነት፣ ጥራት፣ መረጃ የመሰብሰብ ሥልጣንና በቂ አቅም፣ ለሕዝብ ማሠራጨት፣ የመረጃ ሰጪዎችን ምስጢር መጠበቅ፣ እንዲሁም ቅንጅትና ትብብር ናቸው። በሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ሊያጸኑት ይገባ ስለ ነበረ፣ የጸናው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ነው። ከመጽደቅ እስከ መጽናት ስድስት ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ይህን መዘግየት በቸልተኝነት ብቻ መተርጐም አይገባም። ከመርሆቹ መካከል እጅግ ከባዱ የሙያ ነጻነት ነው። አንድ መንግሥት የዋጋ ንረቱ፣ የሥራ አጡ ወይም የረሀብተኛው ቁጥር ከሚወደው በላይ ቢሆንም፣ አኃዙን የሚያወጣው ባለሙያ ነው፤ እኔ አይደለሁም ብሎ መፈረም አለበት። ይህ በስብሰባ ላይ ለመናገር ይቀላል፤ በሕግ አጽንቶ ለመገዛት ግን ይከብዳል። የ1959ኙ ጉባዔ ማስገደድ ያልቻለውን ነገር ግዴታ ለማድረግ ግማሽ ምዕተ ዓመት የወሰደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከቻርተሩ ጋር የአኃዝ ማስማሚያ ስልት ወጣ። ሁለተኛው ስልት እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2026 ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ኅብረቱ የስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩቱ መቀመጫ ቱኒስ፣ የማሠልጠኛ ማዕከሉ መቀመጫ ደግሞ በኮት ዲቯር ያሙሱክሮ እንዲሆን ወሰነ። በዚህም መሠረት ሥራው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይከማች ለሌሎችም ተከፋፈለ። ባለቤትነትን ማካፈል አስተዳደርን ያወሳስባል፤ ነገር ግን አንድ ከተማ ብቻ የሚሸከመው መረብ ሌሎቹ እንደ እንግዳ የሚያዩት መሆኑ አይቀርም።

ከቡታጅራ እስከ አክራ

መንግሥታት ከላይ ሆነው ሲፈራረሙ፣ ከታች ደግሞ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ድር ያደሩ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ምሁራን ከስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራ በ10 ቀበሌዎች የሚኖረውን ሕዝብ ቆጥረው፣ ልደቱን፣ ሞቱንና ፍልሰቱን ሳያቋርጡ መመዝገብ ጀመሩ። የልደትና የሞት መዝገብ በሌለበት አገር ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረም።

በሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ጣቢያዎች ስለ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንዴፕዝ የተባለው መረብ ተመሠረተ፤ ጽሕፈት ቤቱም በአክራ ሆነ። በኢትዮጵያ ከቡታጅራ ሌላ የዳባት፣ የጊልገል ግቤ፣ የቀርሳ፣ የቅልተ አውላዕሎና የአርባ ምንጭ ጣቢያዎች በየዩኒቨርሲቲዎቻቸው ሥር ተቋቁመዋል። እዚህ የተነሣው ክርክር የመንግሥታቱን ያህል የከረረ ነው። በዝናብና በጭቃ ቤት ለቤት እየዞረ መረጃውን የሰበሰበው የመስክ ሠራተኛ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ ጣቢያው። መረጃውን ቶሎ ተንትኖ በታላላቅ መጽሔቶች ለማውጣት የሚችለው ግን ብዙ ኮምፒውተርና ብዙ ጊዜ ያለው የውጭ ተቋም ነው። መረጃ ለሁሉ ክፍት ይሁን የሚለው መርህ መልካም ቢሆንም፣ የመተንተን አቅም እኩል ባልሆነበት ጊዜ ክፍትነቱ የሚጠቅመው ይበልጥ ኃይለኛውን ነው። መፍትሔው መረጃውን መቆለፍ ሳይሆን፣ ጣቢያው ራሱ የሚተነትን ባለሙያ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

በዚህ ረገድ ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ በኋላ መቀመጫውን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው፣ በኤሪክ ቫንስ የሚመራው ሊሳ 2020 የተባለ እንቅስቃሴ ይጠቀሳል። ዓላማው እስከ 2020 ድረስ በታዳጊ አገሮች 20 የስታቲስቲክስ የትብብር ላቦራቶሪዎች እንዲቋቋሙ ማድረግ ነበር። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ፣ የስታቲስቲክስ ምሁሩ ከሐኪሙ፣ ከግብርና ባለሙያውና ከመሐንዲሱ ጋር ከጥናቱ መነሻ አንሥቶ አብሮ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ውጤት ካበላሹ በኋላ ወደ ስታቲስቲክስ ባለሙያ መሮጥ፣ ሕንጻው ከተሰነጠቀ በኋላ አፈሩን ለማስመርመር እንደ መነሣት መሆኑን ለሙያ ባልደረቦች ማስረዳት አያስፈልግም።

ድሩ የሚጸናው በምንድን ነው?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። አባባሉ የማይነግረን ግን ድሩን ማን እንደሚያድረውና ጫፉ በማን እጅ እንደሚቀር ነው። ከላይ የተመለከተው ታሪክ በዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ትብብር በእኩያሞች መካከል በምክር ይጀመራል፤ የሚጸናው ግን በተፈረመ ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ የጋራ ሥራ የራሱ መዋጮ ከሌለው የለጋሹን ፍላጎት ይከተላል። ሦስተኛ፣ መረብ ከቋጠሮዎቹ በላይ ሊጠነክር አይችልም። አህጉራዊው ቻርተር ያማረ ቢሆን፣ የየአገሩ መሥሪያ ቤት ካልቆጠረ የሚስማማ አኃዝ አይገኝም።

ሦስተኛው ነጥብ ለኢትዮጵያ የቅርብ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ቆጠራ ካርታው ተነሥቶ፣ ታብሌቱ ተገዝቶ፣ ዝግጅቱ ብዙ ከተራመደ በኋላ በ2010ና በ2011 ዓ.ም. በተደጋጋሚ ተላለፈ። የጸጥታው ችግር እውነተኛ ነበር፤ አኃዙ የምክር ቤት ወንበርና የበጀት ድርሻ የሚከፋፈልበት በመሆኑም ጉዳዩ ከባለሙያ እጅ አልፎ የፖለቲካ ሸክም ሆነ። ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ የተነሡ ትንበያዎች እንደ ምርኩዝ ሆነው ቢያገለግሉም፣ ትንበያ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ስሕተቱ ይሰፋል። የውሃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የትምህርት ቤት ክፍል የሚነድፍ መሐንዲስ የሚያስተናግደውን ሕዝብ ቁጥር ከዚያ ትንበያ እንደሚወስድ ሲታሰብ፣ ጉዳዩ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል። የሙያ ማኅበራት ቆጠራው በባለሙያ ነጻነት እንዲካሄድ ድምፃቸውን ቢያሰሙ የራሳቸውን ሥራ መሠረት መጠበቃቸው ነው።

በሜክሲኮ ከተማ በኢትዮጵያ የተሰየመው አደባባይ የምድር ባቡር ጣቢያ አለው። የጣቢያው መለያ የአንበሳ ራስ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ስም ጎን የግልጽነት አደባባይ የሚል ሁለተኛ ስያሜ በኋላ ተጨምሮለታል። ሜክሲኮዎች ሁለቱን ስሞች ያገናኙት በራሳቸው ምክንያት ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ ስም በሩቅ አገር ከግልጽነት ጋር ተጣምሮ ከተጻፈ፣ ይህኛው የሜክሲኮ አደባባይ በሚገኝበት ከተማ የጸደቀውን ሥርዓት በቤት ውስጥ ሠርቶ ማሳየት የዚህ ትውልድ ባለሙያዎች ድርሻ ይሆናል።